ከሮቢት እስከ ጣርማበር፦ ለመኪና ጉልበት የመጨመር ጥያቄ

ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ወይም ማሾ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚነሳ ኢሱዙ ጉዞውን የሚጀምረው ከባሕር ወለል በላይ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ነው። 50 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ደብረ ሲናን አልፎ ጣርማበር ዋሻ ሲደርስ ከ3,000 ሜትር በላይ ወጥቷል። በአገራችን የጭነት መኪና በየዕለቱ ከሚወጣቸው ዳገቶች ይህ ከከባዶቹ አንዱ ነው። ሸዋ ሮቢት ባለችበት በይፋት ቆላ አሽከርካሪዎችና መካኒኮች ዘንድ «ይህቺን መኪና ጉልበት ብንጨምርላትስ?» የሚለው ጥያቄ ተነስቶ የማያልቀውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በአውስትራሊያ በገዛ ግቢው ለመኪናው ሱፐርቻርጀር ወይም ቱርቦ የሚገጥም፣ ነዳጁንም እሳቱንም ራሱ የሚያስተካክል ሰው ብዙ ነው። እዚያ ጉልበት የሚፈለገው በአብዛኛው ለፍጥነትና ለውድድር ነው። እዚህ የሚፈለገው ለዳገት ነው። ለፍጥነት የተሠራ ሞተር ሙሉ ጉልበቱን የሚያወጣው ለጥቂት ሰከንዶች ሲሆን፣ ዳገት የሚወጣ ሞተር ግን አንድ ሰዓትና ከዚያም በላይ ነዳጅ መስጫው እንደተረገጠ ይቆያል። ስለዚህ ከውጭ የሚመጣው ምክር ሁሉ በዚህ መንገድ ላይ እንደገና መመዘን አለበት። የእኔን ሚዛን ከወዲሁ ልናገር፦ በይፋት የሞተር ጉልበት መጨመር ይቻላል፤ ልኩን የሚወስኑት ግን የሮቢት ሙቀት፣ የጣርማበር ስስ አየርና ወደ ቆላ የሚመልሰው ቁልቁለት ናቸው።

መጀመሪያ ከፍታው ምን እንደሚወስድ እንይ። ሞተር ነዳጅ የሚያቃጥለው ባገኘው አየር ልክ ነው። ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር የአየር ግፊት በሸዋ ሮቢት 86 በመቶ፣ በአዲስ አበባ 75 በመቶ፣ በጣርማበር ደግሞ 68 በመቶ ገደማ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱ ከዚሁ ጋር አብሮ ይወርዳል። ፋብሪካው 120 ፈረስ ጉልበት ብሎ የጻፈለት ሞተር ጣርማበር ላይ የሚሰጠው 80 ቢሆን ነው። ሮቢትም ቢሆን ሙሉውን አይሰጥም፤ የቀኑ ሙቀት 35 ዲግሪ ሲደርስ አየሩ ይሳሳና ሞተሩ የሚያገኘው የባሕር ወለሉን 80 በመቶ ያህል ይሆናል።

አሁን መኪናውን ዳገቱ ላይ እናቁመው። ከነጭነቱ 10 ቶን የሚመዝን መኪና በየ100 ሜትሩ 6 ሜትር በሚያነሳ ዳገት በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ልሂድ ቢል፣ ክብደቱን ወደ ላይ ለመሳብ ብቻ 88 ፈረስ ጉልበት ገደማ ያስፈልገዋል። የጎማው፣ የነፋሱና የካምቢዮው ድርሻ ሲጨመር ከ100 ያልፋል። ያለው 80 ነው። ስለዚህ ሾፌሩ ማርሽ ይቀንሳል፣ እንደገና ይቀንሳል፤ ፍጥነቱ ከ30 በታች ይወርዳል፤ ከኋላ የአውቶቡሱና የነዳጅ ቦቴው ሰልፍ ይረዝማል። ረዳቱ ታኮውን ይዞ በሩ ላይ ይጠብቃል። እዚያ ቦታ ላይ የጎደለው 20 እና 30 ፈረስ ጉልበት የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። ሽንኩርቱ ከፀሐይ በፊት አትክልት ተራ መድረስ አለመድረሱን የሚወስነው እሱ ነው።

ይህን ችግር ቀድመው የፈቱት የመኪና ሰዎች አልነበሩም። ሩትስ የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1860 ፓተንት ያገኙበት፣ እርስ በርስ እየተጠላለፉ በሚዞሩ ሁለት ክንፎች አየር የሚገፋ መሣሪያ ለብረት ማቅለጫ ምድጃና ለማዕድን ጉድጓድ አየር ማስገቢያ ሲያገለግል ኖሯል። ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኺ በ1905 ከሞተር የሚወጣው ጭስ በከንቱ የሚበትነውን ኃይል አየር ለማመቅ የመጠቀም ሐሳቡን አስመዘገበ፤ ቱርቦ የምንለው ከዚያ የተወለደ ነው። ለእኛ መንገድ ግን ከሁሉ የሚቀርበው በ1918 የተደረገው ሙከራ ነው። ሳንፎርድ ሞስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ሊበርቲ የሚባለውን የአውሮፕላን ሞተር በጭነት መኪና ጭኖ ኮሎራዶ ውስጥ ፓይክስ ፒክ ተራራ ጫፍ ላይ፣ 4,300 ሜትር ላይ አወጣው። በባሕር ወለል ላይ 350 ፈረስ ጉልበት የሚሰጠው ሞተር እዚያ 230 ብቻ ሰጠ። ቱርቦ ሲገጠምለት 356 ሰጠ። ሞስ የለካው ከፍታ የወሰደውን መመለስ ይቻል እንደሆነ ነበር፤ እንደሚቻልም አሳየ። የይፋት ጥያቄ ከመቶ ዓመት በፊት የሞስ ጥያቄ ነበር ማለት ነው።

በቤት ውስጥ የመሥራቱ ልማድ ደግሞ ከናፍጣ መኪና የተገኘ ነው። ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ ለጭነት መኪናና ለአውቶቡስ በሠራቸው ባለሁለት ምት የናፍጣ ሞተሮች ላይ የሩትስ ዓይነት መንፊያ ነበረ፤ ሥራውም የተቃጠለውን ጭስ ጠርጎ ማስወጣትና ንጹሕ አየር ማስገባት ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካውያን ወጣቶች ይህን መንፊያ ከአሮጌ ሞተር እየፈቱ በቤንዚን መኪናቸው አናት ላይ አሰሩት። ዛሬም ለፈጣን መኪና ልዩ ምልክት ሆኖ የሚታየው ያ ከኮፋኖ በላይ የወጣ መሣሪያ ከጭነት መኪና የተወሰደ ዕቃ ነው።

ወደ እኛ ጋራዥ እንመለስ። ለመኪና ጉልበት የመጨመር ሥራ በኢትዮጵያ የለም የሚል ሰው ተሳስቷል። በስፋት ይሠራል፤ የሚሠራው ግን በካቻቪቴ ነው።

የናፍጣ ፖምፓ ሙሉ ጭነት ላይ ሊሰጥ የሚችለውን ከፍተኛ ነዳጅ የሚወስን አንድ ብሎን አለው። ፋብሪካው ለክቶ ካስተካከለው በኋላ በሽቦና በእርሳስ ማኅተም ያስረዋል፤ የማኅተሙ ትርጉም «አትንኩኝ» ነው። ሾፌሩ «ዳገት ላይ ትሞትብኛለች» ብሎ ሲመጣ፣ መካኒኩ ማኅተሙን ይቆርጥና ማሰሪያውን አላልቶ ብሎኑን ሩብ ዙር፣ ግማሽ ዙር ያስገባዋል። ሥራው ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። መኪናዋ ሲወጣባት በእርግጥም የተሻለች ትመስላለች፤ ቆላው ላይ ትንሽ የተረፈ አየር ስላለ የተጨመረው ናፍጣ ከፊሉ ይቃጠላል። ደብረ ሲናን ስታልፍ ግን አየሩ ይሳሳል፣ ናፍጣው ያው ነው። ሳይቃጠል የቀረው ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል፤ የሚቃጠለውም ዘግይቶ ስለሚቃጠል ሙቀቱ ወደ ጭስ መውጫው፣ ወደ ቫልቩና ወደ ፒስተኑ አናት ይሄዳል። በዘገየ ፍጥነት የሚጓዝ መኪና ራዲያተሩ ነፋስ አያገኝም። ውኃው ይፈላል፣ ጓርኒሲዮን ይቃጠላል፣ ቴስታታ ይሰነጠቃል። በሸዋ ሮቢትና በደብረ ሲና መካከል መንገድ ዳር ቆመው ጥቁር ዘይት የተቀላቀለበት ውኃ ሲያፈሱ ከሚታዩት መኪኖች መካከል የዚህ ብሎን ሰለባዎች አሉ።

በዚህ ላይ ፍርዴ ግልጽ ነው። አየር ሳይጨመር ናፍጣ መጨመር ጉልበት መጨመር አይባልም፤ የሞተሩን ዕድሜ አስቀድሞ መብላት ነው። ፖምፓ የሚነካው የካሊብሬሽን መሣሪያ ባለበት ቤት፣ የእያንዳንዱ ሲሊንደር ድርሻ በመስታወት እየተለካ ብቻ መሆን አለበት።

ቀጣዩ መንገድ በቺንጋ የሚዞር ሱፐርቻርጀር ነው። ከሞተሩ ፑሌ ጉልበት እየወሰደ አየር ይገፋል። የሚወደድበት ምክንያት አለው፦ ነዳጅ መስጫው እንደተረገጠ ወዲያው ይሠራል፣ የጭስ መስመሩን አይነካም፣ በቤቱ ለሚሠራ ሰው ለመግጠም ይቀላል። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1986 ለባለ 1.6 ሊትር የቤንዚን ሞተሩ በፋብሪካ ሱፐርቻርጀር ገጥሞ አውጥቷል፤ መርሴዲስም «ኮምፕረሰር» የሚል ጽሑፍ ያላቸውን መኪኖች ለዓመታት ሸጧል። ከእነዚህና ከሚኒ ኩፐር አሮጌ መኪኖች የሚፈቱ መንፊያዎች ዛሬ በመላው ዓለም የቤት ውስጥ ሠሪዎች ዋና ዕቃ ናቸው። እዚህ ላይ አንባቢ እንዲያስተውለው የምፈልገው ቶዮታ ሱፐርቻርጀሩን ሲገጥም የሞተሩን ኮምፕረሽን ወደ 8 ለ 1 ማውረዱን ነው። ፋብሪካው ራሱ ሌላ ፒስተን አድርጎ ነው የገጠመው። መንፊያውን ብቻ ገዝቶ በነበረው ፒስተን ላይ የሚያስር ሰው የሥራውን ግማሽ ትቶታል።

ሱፐርቻርጀር በከፍታ ላይ ያለው ጠባይ ብዙ ጊዜ አይነገርም። በቺንጋ የሚዞር መንፊያ አየሩን የሚያባዛው በአንድ ልክ ነው። አንድ ተኩል ጊዜ የሚያምቅ ቢሆን፣ ጣርማበር ላይ 68 በመቶ የነበረውን 102 ያደርገዋል፤ ማለትም ሞተሩ ባሕር ዳርቻ ያለ ያህል ይተነፍሳል። አዲስ አበባ ላይ 112 ይሆናል። ሮቢት ላይ ግን 129 ይደርሳል። መኪናዋ ምንም ሳትነካ፣ ሾፌሩ ቁልቁል ስለወረደ ብቻ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚገባው ግፊት ይጨምራል፤ የሚጨምረውም ሙቀቱ በሚያይልበት ቦታ ነው።

የቤንዚን ሞተር ላይ ይህ አደገኛ ነው። አዲስ አበባ ያለ መካኒክ አየሩ ስስ መሆኑን ስለሚያውቅ የካርቡራቶሩን ነዳጅ ይቀንሳል፣ ታይሚንጉን ያስቀድማል። ለአዲስ አበባ ልክ ነው። ያቺው መኪና ወደ ይፋት ስትወርድ አየሩ ይወፍራል፣ ነዳጁ ያንሳታል፣ እሳቱም የሚነሳው ቀድሞ ነው። ሞተሩ ያንኳኳል፤ ሱፐርቻርጀር ሲጨመርበት ማንኳኳቱ ፒስተን እስከመብሳት ይደርሳል። ሱፐርቻርጀር በሌላቸው ተራ ኮሮላዎችና ቮልሶች ላይ እንኳ አዲስ አበባ ደህና የነበረች መኪና ሮቢት ስትገባ የምታንኳኳውና የምትግለው ብዙውን ጊዜ በዚሁ ነው።

ስለዚህ የቤንዚን መኪና ታይሚንግ መስተካከል ያለበት ደጋ ላይ አይደለም። ሮቢት ላይ፣ በበጋ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ጭነት ይዛ ነው። እዚያ ካላንኳኳች በዚህ መንገድ ላይ ሌላ ቦታ አታንኳኳም። ደጋ ላይ ትንሽ ጉልበት ይቀራል፤ ይቅር።

ቱርቦ በተቃራኒው ለዳገት የተፈጠረ ይመስላል። ተርባይኑን የሚያዞረው ጭሱ ስለሆነ፣ የውጭው ግፊት ሲቀንስ በጭሱና በውጭው አየር መካከል ያለው ልዩነት ይሰፋና ቱርቦው ይበልጥ ይፈጥናል፤ ከፍታው የወሰደውን በራሱ ይተካል። የጭነት መኪና ፋብሪካዎችም በመጨረሻ ወደዚህ መጥተዋል። የደሴን መንገድ ለብዙ ዓመት የገዛው ፊያት ኤንትሬ ቱርቦ አልነበረውም፤ ጉልበቱን ያገኘው ከ10 ሊትር በላይ ከሆነ ትልቅ ሞተር ነበር። ተከትለውት የመጡት፣ አምቼ የተባለው መገጣጠሚያ ፋብሪካ የገጣጠማቸው ኢቬኮ ትራከሮችና በኋላም ሲኖትራኮች፣ ቱርቦና ኢንተርኩለር (የታመቀውን አየር ማቀዝቀዣ) አላቸው። ጣርማበር ላይ ኢሱዙን አልፎ የሚሄደው ሲኖትራክ ከክብደቱ ጋር እንዲያ የሚሮጠው በዚህ ነው።

ቱርቦን በቤት መግጠም ግን ሌላ ነገር ነው። ለምሳሌ ቶዮታ ላንድ ክሩዘር ላይ የሚገኘውን ዋን ኤችዜድ የሚባለውን ሞተር እንውሰድ፤ በአምቡላንሱም፣ በመሥሪያ ቤቱም፣ በእርዳታ ድርጅቱም መኪና ላይ ያለው እሱ ነው። 4.2 ሊትር ነው፣ ስድስት ሲሊንደር ነው፣ ቱርቦ የለውም፤ በጥንካሬው የተመሰከረለት ነው። በአውስትራሊያ ቱርቦ የሚገጠምለት ሞተር ቢኖር እሱ ነው። ነገር ግን ኮምፕረሽኑ ከ22 ለ 1 ይበልጣል፤ ናፍጣውም የሚረጨው በቴስታታው ውስጥ በተሠራች ትንሽ ክፍል ነው። ቶዮታ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1990 ለዚሁ መጠን ሞተር ቱርቦ ሲገጥም ኮምፕረሽኑን ወደ 18.6 አወረደ፣ ናፍጣውም በቀጥታ ሲሊንደሩ ውስጥ እንዲረጭ አደረገ። ሁለቱ ከውጭ ወንድማማች ቢመስሉም ከውስጥ የተለያዩ ናቸው። ልምድ ያላቸው ሠሪዎች ዋን ኤችዜድ ላይ ከግማሽ ባር ብዙም የማይበልጥ ግፊት የሚያደርጉት፣ የጭሱም ሙቀት ከ700 ዲግሪ እንዳይዘል ዓይናቸውን ከመለኪያው የማያነሱት ለዚህ ነው። ይህን ወሰን የሚያልፍ ሰው የሚያጣው ቴስታታውን ነው።

ከፍታው ለቱርቦም የራሱ ክፍያ አለው። ጣርማበር ላይ ቱርቦው የጎደለውን ሊተካ ከልኩ በላይ ይዞራል፤ መጠኑ ትንሽ የሆነ፣ ከሌላ መኪና የተፈታ ቱርቦ ዘንጉ የሚበላው እዚያ ነው። ዳገቱን ጨርሶ ጣርማበር ላይ ሻይ ለመጠጣት የቆመ ሾፌር ሞተሩን ወዲያው ማጥፋት የለበትም። የጋለው ዘንግ ውስጥ ዘይቱ ቆሞ ይጠቁራል። ሁለት ሦስት ደቂቃ በባዶ ይዙር። ይህ ምንም ዋጋ የማያስወጣ፣ ቱርቦ ያለው መኪና የያዘ ሾፌር ሁሉ ዛሬውኑ ሊጀምረው የሚችል ነገር ነው።

ሙቀትን በተመለከተ አንድ ስሌት ላስቀምጥ፤ ግፊት ብቻ አይቶ የሚደሰት ሰው እንዲያየው። የሮቢት 35 ዲግሪ አየር አንድ ተኩል ጊዜ ሲታመቅ ከመንፊያው የሚወጣው ከ90 ዲግሪ በላይ ሆኖ ነው። የጋለ አየር ስለሚሰፋ፣ ግፊቱ 50 በመቶ ጨመረ ቢባልም ሞተሩ ያገኘው ተጨማሪ አየር 26 በመቶ ያህል ብቻ ነው። በኢንተርኩለር ወደ 55 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ ጭማሪው 40 በመቶ ይደርሳል፤ ሞተሩም ይቀዘቅዛል። ደጋ ላይ ኢንተርኩለር ቢዘለል ይታለፍ ይሆናል። ቆላ ላይ መዝለል አይቻልም። የራዲያተሩ ክዳንም ቀላል ነገር አይደለም፦ ጣርማበር ላይ ውኃ 89 ወይም 90 ዲግሪ ላይ ይፈላል፤ ክዳኑ ግፊት ከያዘ ግን ከ110 በላይ ሳይፈላ ይቆያል። ላስቲኩ ያረጀ ክዳን ያለው መኪና ዳገቱን ጨርሶ ጫፉ ላይ የሚያፈላው በዚህ ነው። ውድ ቱርቦ ገዝቶ በላስቲክ ፌስታል የታሰረ ክዳን ይዞ የሚሄድ ሰው አለ፤ ገንዘቡን የጣለው መጀመሪያ ሊያወጣ የሚገባውን ሳያወጣ ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት የሚቀድም ሥራ ስላለ እሱን ልናገር። የይፋት አቧራ አየር ማጣሪያን በፍጥነት ይደፍናል። የተደፈነ ማጣሪያ፣ ጊዜው ያለፈ የናፍጣ ማጣሪያ፣ የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር፣ ያልተስተካከለ ቫልቭ፣ የለቀቀ ፋሻ፣ የሚይዝ ፍሬን፣ በቂ ንፋስ የሌለው ጎማ፦ እነዚህ ተደምረው ከአንድ ሞተር የሚወስዱት ጉልበት አንድ ቱርቦ ከሚሰጠው ላይርቅ ይችላል። «ጉልበት አነሰኝ» ብሎ የሚመጣ ደንበኛ መኪናው መጀመሪያ ኮምፕረሽኑ ይለካ። ያረጀ ሞተር ላይ ግፊት መጨመር የቀረውን ፋሻ መጨረስ ነው። አብዛኛው ሰው እዚህ ደርሶ ሊያበቃ ይችላል፤ ቢያበቃም መልካም ነው።

የማስተካከሉን ሥራ ዓለም እንዴት እንደሚሠራው በአጭሩ። የኮምፒዩተር ሞተር ባላቸው መኪኖች ላይ ነዳጁና እሳቱ የሚታዘዘው በሠንጠረዥ ነው፤ በዚህ ያህል ዙርና በዚህ ያህል ግፊት ይህን ያህል ነዳጅ ተብሎ ይጻፋል። እ.ኤ.አ. በ2001 ሁለት አሜሪካውያን ሜጋስኩዊርት የሚባል፣ ማንም በቤቱ በብየዳ ሊገጣጥመው የሚችል የሞተር ኮምፒዩተር ካወጡ ወዲህ ይህ ሥራ ከፋብሪካ እጅ ወጥቷል። የጭሱን ኦክስጅን የሚለካ መሣሪያ፣ የግፊት መለኪያና ላፕቶፕ ይበቃሉ። በቴክኒክና ሙያ የሠለጠነ የደብረ ብርሃን ወይም የሮቢት ልጅ ከዚህ የሚያግደው የዕውቀት ድንበር የለም።

አሁን ወደ ቁልቁለቱ። ስለ ጉልበት የሚነገረው ሁሉ ስለ መውጣት ነው፤ መኪናው ግን ይመለሳል። 10 ቶን የሚመዝን መኪና ከጣርማበር ወደ ሮቢት 1,800 ሜትር ሲወርድ ከከፍታው የሚለቀቀው ኃይል ከ500 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት የሚበቃ ነው። ከፊሉን ጎማውና ነፋሱ ይወስዱታል፤ የቀረውን የሚይዘው ሞተሩ ነው፣ ሞተሩ ያልያዘውን ፍሬኑ ይቀበላል። ሞተር ቁልቁለት ላይ የመያዝ አቅሙ የሚመጣው ደግሞ ከሊትሩ ነው። ባለ 4 ሊትር ሞተር ቱርቦ ቢገጠምለት ሲወጣ ባለ 6 ሊትር ይመስላል፤ ሲወርድ ግን ያው ባለ 4 ሊትር ነው። ፊያት ኤንትሬ ቀርፋፋ ነበር፤ ያ ትልቅ ሞተር ግን ቁልቁለቱን በማርሽ ይዞ ያወርደው ነበር።

እዚህ ላይ የሚፈጠረው አደጋ የታወቀ ነው። መኪናው ጉልበት ሲጨመርለት ባለንብረቱ ጭነት ይጨምራል። ሰውየው ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ የገጠመበትን ወጪ መመለስ አለበት። ሾፌሩ ደግሞ ናፍጣ ለመቆጠብ ዜሮ ማርሽ አድርጎ ይለቃታል። በጨመረ ጭነት፣ ባልጨመረ ፍሬን፣ በደብረ ሲና መጠምዘዣዎች። የጋለ ፍሬን መያዝ ሲያቆም ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ በሾፌሩ እጅ የሚቀረው ነገር በጣም ትንሽ ነው። ከታች ደግሞ ሰው፣ ባጃጅ፣ ግመልና የገበያ ቀን ሕዝብ አለ። ስለዚህ በይፋት ጉልበት ሊጨምር ያሰበ ሰው የመጀመሪያውን ብር በፍሬን ላይ ያውጣ እላለሁ፦ በአዲስ ፍሬን ሸራ፣ በተሞረደ ታምቡር፣ በሚሠራ የጭስ ማውጫ ፍሬን። ጭነቱም በሊብሬው ላይ የተጻፈው ይሁን፤ ቱርቦ ሊብሬ አይቀይርም። አዋጅ ቁጥር 681/2002 የሚያዝዘው ዓመታዊ ምርመራ፣ ሁላችን ቦሎ የምንለው፣ በወረቀት ብቻ ካላለፈ ይህን ለማየት በቂ መሣሪያ ነው።

የነገውም ነገር መነሳት አለበት። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የመኪናው ዓለም አቅጣጫውን እየቀየረ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም፤ ጣርማበር ላይም አሰብ ላይም ጉልበቱ አንድ ነው። ሲወርድም ያን ሁሉ ሙቀት ወደ ፍሬን ከመላክ ይልቅ ከፊሉን ወደ ባትሪው ይመልሳል። ለዚህ መንገድ ከዚህ የሚመች ሞተር አልተሠራም፤ የሮቢት ሙቀት ባትሪውን እንዳይጎዳ ማቀዝቀዣው ከጠነከረና ኃይል መሙያ በየከተማው ከቆመ። እስከዚያ ግን አሁን አገር ውስጥ ያሉት የናፍጣ ጭነት መኪኖች ለብዙ ዓመት ይቆያሉ፤ ምትካቸው ውድ ስለሆነም ይበልጥ ይጠገናሉ፣ ይበልጥም ይነካካሉ። ዕውቀቱ ዛሬ የሚፈለገው ለነሱ ነው።

ለዚህ ዕውቀት ይፋት የያዘችው ሀብት አለ። አገሮች ሞተራቸውን በከፍታና በሙቀት ለመፈተን ተራራና በረሃ ፍለጋ ይሄዳሉ። እኛ ከቆላ ሙቀት እስከ ደጋ ስስ አየር ያለውን ሁሉ አንድ ሰዓት ተኩል በማይሞላ የአስፋልት መንገድ ላይ አግኝተነዋል። የቤንዚን ሞተር ማንኳኳት ሮቢት ላይ ይፈተሻል፤ የናፍጣ ጭስና የጭስ ሙቀት ጣርማበር ላይ ይነበባል፤ ፍሬን ሲወርዱ ይለካል። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ የጭስ ሙቀት መለኪያ፣ አንድ የግፊት መለኪያና አንድ ደብተር ነው።

የሸዋ ሮቢትና የደብረ ብርሃን የቴክኒክና ሙያ መምህራን፣ እንዲሁም መንገዱ ዳር ጋራዥ ያላችሁ ባለሙያዎች፦ ይህን ደብተር ጀምሩት። በየመኪናው ዓይነት ምን ያህል ጭነት፣ በየትኛው ማርሽ፣ በስንት ዲግሪ ሙቀት ምን እንዳነበባችሁ ጻፉና ለሾፌሮቹ ስጡ። እስኪጻፍ ድረስ ያንን በእርሳስ የታሰረ ብሎን አትንኩት።